በ20 መቀመጫ አንጋሽ የሆኑት ሰው፦ የሰርቢያው ኢቪትሳ ዳቺች ጉዳይ

ኤፕሪል 19 ቀን 2013 ብራስልስ ላይ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ባለ 15 ነጥብ አጭር ሰነድ ተፈራረሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው የሰርቢያው ኢቪትሳ ዳቺች፣ ሁለተኛው ከሰርቢያ የተገነጠለችው የኮሶቮ ሃሺም ታቺ ነበሩ። ከዚያ ቀን 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኔቶ ዩጎዝላቪያን ለ78 ቀናት ሲደበድብ፣ ዳቺች ያኔ የዩጎዝላቪያ ፕሬዝዳንት የነበሩት የስሎቦዳን ሚሎሶቪች ፓርቲ ቃል አቀባይ ነበሩ። ታቺ ደግሞ ቤልግሬድ በአሸባሪነት የምታሳድደው የኮሶቮ ነፃ አውጪ ጦር የፖለቲካ መሪ ነበሩ። ሁለቱን ያደራደሩት የአውሮፓ ኅብረት የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ካትሪን አሽተን ናቸው።

ይህን ጉዳይ እንዳጠና የገፋፋኝ አንድ ጥያቄ ነው። በ2000 ሚሎሶቪችን ከሥልጣን ያወረዱት ወገኖች ለዓመታት ያልደፈሩትን ስምምነት፣ የሚሎሶቪች አፍ የነበረ ሰው እንዴት ሊፈርመው ቻለ? መልሱን በሰውዬው ብልሃት ብቻ ብንፈልገው የምናጣው ይመስለኛል። ዳቺች ብልህ መሆናቸውን ጠላቶቻቸውም አይክዱም። ዋናው ነገር ግን በሰርቢያ ፓርላማ ሚዛን ላይ የቆሙበት ቦታ ነው።

የቃል አቀባዩ ዘመን

ዳቺች የተወለዱት በ1966 የአዲስ ዓመት ዕለት፣ ኮሶቮ ውስጥ በምትገኘው ፕሪዝረን ከተማ ነው። ያደጉት ግን በደቡብ ሰርቢያ ዢቶራጃ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ ፋኩልቲ ጋዜጠኝነት ተማሩ። የሰርቢያ ሶሻሊስት ፓርቲ በ1990 ከአሮጌው የኮሚኒስቶች ሊግ ሲወለድ ዕድሜያቸው ገና 24 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ የፓርቲው ቃል አቀባይ ሆኑ። እስከ 2000 ድረስም ከዚያ ወንበር አልተነሡም።

እነዚያን ስምንት ዓመታት ማሰብ ያስፈልጋል። የቦስኒያ ጦርነት፣ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ፣ ደመወዝ ከኪስ ሳይወጣ ዋጋ ያጣበት የገንዘብ ግሽበት፣ በ1996 የተሰረቀው የከተሞች ምርጫና ክረምቱን ሙሉ የዘለቀው ሰልፍ፣ ከዚያም ኮሶቮ። ይህ ሁሉ ሲሆን በየጊዜው ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ፓርቲው ልክ እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ ወጣት ነበር። በአገሩ «ትንሹ ስሎባ» የሚል ስም ወጣለት፤ ስሎባ የስሎቦዳን ማቆላመጫ ነው። ቃል አቀባይ ጦር አያዝዝም፤ ይህን አውቃለሁ። የሕዝብን ጆሮ ለጦር የሚያለማምደው ግን እሱ ነው። ዳቺች በኋላ ስላደረጉት መልካም ነገር ስጽፍ ይህን የዘለልኩ እንዳይመስል አስቀድሜ መናገር ፈለግሁ።

ኦክቶበር 5 ቀን 2000 ሕዝቡ ፓርላማውን ሲወር የሚሎሶቪች ዘመን አበቃ። ዳቺች ግን አልጠፉም። አሮጌውና አዲሱ ወገን ለሦስት ወር ሥልጣን በተጋሩበት የሽግግር መንግሥት ውስጥ፣ ሦስት ሰዎች በአንድነት ከያዙት የማስታወቂያ ሚኒስትርነት አንዱ የእሳቸው ድርሻ ነበር። የመጀመሪያ የሚኒስትርነት ሥራቸው ይህ ነው። ነገሮች ሲፈርሱ ከፍርስራሹ ጫፍ ላይ የሚቀመጡባት አንዲት ወንበር የማግኘት ልማዳቸው እዚህ የጀመረ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም ቁልቁለት ነው። 250 መቀመጫ ባለው ፓርላማ ሶሻሊስቶቹ በዲሴምበር 2000 37፣ በ2003 22፣ በ2007 16 ወንበር ብቻ አገኙ። ፓርላማ ለመግባት 5 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በ2007 ያገኙት 5.6 በመቶ ነው። መቃብሩ ጫፍ ላይ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሚሎሶቪች በጁን 28 ቀን 2001 ሄግ ወደሚገኘው የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ተልከዋል። በእስር ላይ ሆነውም የፓርቲው ሊቀ መንበር እሳቸው ነበሩ፤ በ2003ቱ ምርጫ የዕጩዎቹ ዝርዝር አናት ላይ የሰፈረው ስምም የእሳቸው ነው። ዳቺች በ2004 ለፕሬዝዳንትነት ተወዳድረው 4 በመቶ ገደማ ይዘው አምስተኛ ወጡ።

በዚያው ዓመት ግን አንድ ትምህርት አገኙ። ሚሎሶቪችን በምርጫ ያሸነፏቸው ቮይስላቭ ኮሽቱኒትሳ አናሳ መንግሥት ሲመሠርቱ 22ቱ የሶሻሊስት ድምፆች አስፈለጓቸው። ሶሻሊስቶቹ አንድም ሚኒስቴር ሳይይዙ መንግሥቱን ከውጭ ደግፈው አቆሙት። ትናንት የተባረሩት ዛሬ የሚለመኑ ሆኑ። ሚሎሶቪች በማርች 2006 ሄግ እስር ቤት ሞቱ፤ በዲሴምበር በተደረገው ጉባኤ ዳቺች ፓርቲውን ተረከቡ።

የ2008 ሒሳብ

የዚህ ጉዳይ እምብርት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንቁጠረው። ኮሶቮ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2008 ነፃነቷን አወጀች። የኮሽቱኒትሳ መንግሥት በዚህ ሳቢያ ተከፈለ፤ ሜይ 11 ቀን ምርጫ ሆነ። የፕሬዝዳንት ቦሪስ ታዲች የአውሮፓ ደጋፊ ጥምረት 102፣ ብሔርተኞቹ ራዲካሎች 78፣ የኮሽቱኒትሳ ወገን 30፣ ሊበራሎቹ 13፣ የአናሳ ብሔረሰቦች ዝርዝሮች በጠቅላላው 7 መቀመጫ አገኙ። የዳቺች ሶሻሊስቶች ከጡረተኞች ፓርቲና ከያጎዲናው ፖለቲከኛ ድራጋን ማርኮቪች «ፓልማ» ትንሽ ፓርቲ ጋር አብረው ተወዳድረው 20 ያዙ። ከ20ው የሶሻሊስቶቹ የራሳቸው 12 ብቻ ነበሩ።

መንግሥት ለመመሥረት 126 ያስፈልጋል። ራዲካሎቹና ኮሽቱኒትሳ ዳቺችን ቢያገኙ 128 ይሆናሉ። ታዲች ዳቺችንና አናሳዎቹን ቢያገኙ 129 ይሆናሉ። ያለ ዳቺች ብሔርተኞቹ መንግሥት ሊሆኑ አይችሉም፤ ታዲችም ቢሆኑ ሌላ የሚጨበጥ መንገድ አልነበራቸውም። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል የሚለውን አባባል በቁጥር ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

በልብ ዝምድና ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ቀላል ነበር፤ ራዲካሎቹ የ1990ዎቹ የሥልጣን አጋሮቻቸው ናቸው። እንዲያውም የቤልግሬድን ከተማ አስተዳደር አብረው ለመያዝ ተስማምተው ነበር፤ ከንቲባ እንዲሆኑ የታሰቡት የራዲካሎቹ ዋና ጸሐፊ አሌክሳንዳር ቩቺች ነበሩ። ይህን ስም እንያዘው፤ ይመለሳል። ሆኖም ዳቺች ከሳምንታት ድርድር በኋላ ወደ ታዲች ዞሩ። ጁላይ 7 ቀን 2008 በሚርኮ ጽቬትኮቪች በሚመራው መንግሥት አንደኛ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ቩቺችም ከንቲባ ሳይሆኑ ቀሩ።

ለምን ዞሩ? ከራዲካሎቹ ጋር ቢሄዱ የትልቁ ብሔርተኛ ፓርቲ ጭራ ሆነው መቅረታቸው ነው፤ ድምፃቸውም ቀስ በቀስ ወደዚያ መፍሰሱ አይቀርም ነበር። ከታዲች ጋር ሲሄዱ ግን ማንም ሊሰጣቸው የማይችለውን ነገር አገኙ፦ ምሕረት። በኦክቶበር 2008 የታዲች ፓርቲ ዴሞክራቶቹና ሶሻሊስቶቹ የዕርቅ መግለጫ ፈረሙ። የሶሻሊስቶቹ ዓይን ሶሻሊስት ኢንተርናሽናል በሚባለው የዓለም ፓርቲዎች ማኅበር ላይ ነበር፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድም በታዲች በኩል ያልፋል። ለጡረተኞቹ ደግሞ የጡረታ ጭማሪ ነበረላቸው።

ይህ ዕርቅ አሁንም ያሳስበኛል። ዴሞክራቶቹ መሪያቸውን ጠቅላይ ሚኒስትር ዞራን ጂንጂችን ያጡት ማርች 12 ቀን 2003 በተተኮሰ ጥይት ነው፤ ጂንጂች ሚሎሶቪችን ለሄግ ያስረከበው መንግሥት መሪ ነበሩ። ተኳሹ ከሚሎሶቪች ዘመን የተረፈው ልዩ የፖሊስ ኃይል አባል ነበር። በዳይና ተበዳይ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ደስ ይላል፤ ግን በ1990ዎቹ የሆነው ነገር በቅጡ ሳይነገርና ሳይጠየቅ በመግለጫ ታለፈ። ያኔ የተዘለለው ነገር በኋላ በሰርቢያ ፖለቲካ ላይ ዋጋ አስከፍሏል ብዬ አምናለሁ።

ሚኒስትሩ ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጁላይ 21፣ በጦር ወንጀል ሲፈለጉ ለዓመታት የተሰወሩት የቦስኒያ ሰርቦች መሪ ራዶቫን ካራጂች ቤልግሬድ ውስጥ ተያዙ። የዳቺች ሚኒስቴር ወዲያው መግለጫ አወጣ፤ ፖሊሶቹ በዚህ ሥራ እንዳልተሳተፉ የሚናገር ነው። የገዛ አገሩን ትልቁን ተፈላጊ መያዝ «እኛ አይደለንም» የሚል የፖሊስ ሚኒስቴር! ዳቺች በአዲሱ መንግሥት ውስጥ ሆነው የአሮጌው ደጋፊዎቻቸው ዓይን ምን ያህል ያስፈራቸው እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። የቦስኒያ ሰርቦች የጦር አዛዥ የነበሩት ራትኮ ምላዲች በሜይ 2011 ሲያዙ ግን እንዲህ ያለ ማስተባበያ አልተሰማም።

በዚሁ ዘመን የተሠራና እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ሥራ የቪዛው ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ባዮሜትሪክ ፓስፖርት፣ የጠበቀ የድንበር ቁጥጥርና የፖሊስ ትብብር ጠይቆ ነበር። አብዛኛው ሸክም የወደቀው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ላይ ነው። ከዲሴምበር 19 ቀን 2009 ጀምሮ የሰርቢያ ዜጎች ያለ ቪዛ ወደ ሸንገን አገሮች መግባት ቻሉ። በማዕቀብ ውስጥ ላደገ፣ ከአገሩ ወጥቶ ለማያውቅ ወጣት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

አንጋሹ ሲነግሥ

በሜይ 2012 ምርጫ የዳቺች ጥምረት ከ20 ወደ 44 መቀመጫ ዘለለ። ታዲች ግን ፕሬዝዳንትነቱን በሁለተኛው ዙር ለቶሚስላቭ ኒኮሊች አስረከቡ። ኒኮሊችና ቩቺች በ2008 ከራዲካሎቹ ተገንጥለው የሰርቢያ ተራማጅ ፓርቲ የሚባለውን መሥርተው ነበር፤ ብሔርተኝነቱን አለዝበው አውሮፓን እንደሚደግፉም አውጀው ነበር። አሁን 73 መቀመጫ ይዘው አንደኛ ሆኑ፤ የታዲች ወገን 67 አገኘ።

ዳቺች ከታዲች ጋር እንደሚቀጥሉ ተናግረው ነበር። ከዚያ ሚዛኑን ዳግም አዩት። ከየትኛውም ወገን ጋር ቢሄዱ፣ 16 መቀመጫ የያዘውን የምላጃን ዲንኪች ፓርቲ ጨምሮ፣ መንግሥት ይሞላል። ተራማጆቹ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ወንበር አቀረቡላቸው። ጁላይ 27 ቀን 2012፣ በ46 ዓመታቸው፣ የሰርቢያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አንደኛ ምክትላቸው ከአራት ዓመት በፊት ከንቲባነቱን ያሳጧቸው ቩቺች ነበሩ።

የወንበሩ ክብር የዳቺች ቢሆንም ጉልበቱ ሌላ ቦታ ነበር። ቩቺች የመከላከያ ሚኒስቴርንና ሙስናን የመዋጋት ሥራ ያዙ። በዲሴምበር 2012 ከአገሪቱ ባለጸጎች ግንባር ቀደም የነበሩት ሚሮስላቭ ሚሽኮቪች ሲታሰሩ ጭብጨባው ወደ ምክትሉ ሄደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀረላቸው ማንም ሊነካው የማይፈልገው ሥራ ነው፤ ኮሶቮ።

ብራስልስ

በሰሜን ኮሶቮ፣ ከኢባር ወንዝ ማዶ፣ ሰርቦች የሚበዙባቸው አራት ማዘጋጃ ቤቶች አሉ፦ ሰሜን ሚትሮቪትሳ፣ ዝቬቻን፣ ዙቢን ፖቶክና ሌፖሳቪች። ከ1999 በኋላም ደመወዛቸው፣ ፍርድ ቤታቸው፣ ትምህርት ቤታቸው ከቤልግሬድ ጋር ነበር። በ2011 የኮሶቮ መንግሥት የድንበር ኬላዎቹን ለመያዝ ሲሞክር መንገዶች በድንጋይና በግንድ ተዘጉ። በዚያው ዓመት ኦገስት የጀርመን መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ቤልግሬድ ድረስ መጥተው የአውሮፓ በር የሚከፈተው ይህ ሲፈታ እንደሆነ ግልጽ አደረጉ። የታዲች መንግሥት የጀመረው ድርድር ቴክኒካዊ ነበር፤ ስለ መታወቂያ፣ ስለ ጉምሩክ ማኅተም፣ ስለ መሬት መዝገብ። ለሰሜኑ ጥያቄ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ ፊት ለፊት መገናኘት ነበረባቸው።

ዳቺችና ታቺ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት ኦክቶበር 19 ቀን 2012 ነው። ከዚያ እስከ ኤፕሪል 19 ድረስ አሥር ዙር ተቀመጡ። በኤፕሪል መጀመሪያ ድርድሩ ፈረሰ፤ ቤልግሬድ የቀረበላትን ሐሳብ አልቀበልም አለች። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ቩቺችም ብራስልስ ሄዱ። የተፈረመው ሰነድ የሰርብ ማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም፣ የሰሜኑ ፖሊስና ፍርድ ቤት በኮሶቮ ሥርዓት ውስጥ እንዲገቡ፣ በ2013 የማዘጋጃ ቤት ምርጫ እንዲደረግ፣ አንዱ የሌላውን የአውሮፓ መንገድ እንዳይዘጋ ይላል። ዕውቅና የሚል ቃል የለበትም። ይሁንና ቤልግሬድ ፖሊሷንና ዳኛዋን ከዚያ ማንሣቷ ለሰሜኑ ሰርብ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ በሚትሮቪትሳ ለተቃውሞ ወጣ።

መጀመሪያ ወደ ጠየቅሁት ልመለስ። ይህን ታዲች ቢፈርሙት ራዲካሎቹና ተራማጆቹ ጎዳናውን በሞሉት ነበር። ዳቺች ሲፈርሙ ግን ትልቁ ብሔርተኛ ወገን ከእሳቸው ጋር መንግሥት ውስጥ ተቀምጧል፤ ፕሬዝዳንቱም የቀድሞ ራዲካል ናቸው። ክህደት ብለው የጮኹት 21 መቀመጫ የነበራቸው የኮሽቱኒትሳ ሰዎች ነበሩ። የሚሎሶቪችን ቃል አቀባይ፣ ያውም ፕሪዝረን የተወለደን ሰው፣ ለኮሶቮ ግድ የለውም ማለት ከባድ ነው። አሮጌው ስማቸው በ2008 ሸክም ነበር፤ በ2013 ጋሻ ሆናቸው።

ድፍረታቸውን ማሳነስ አልፈልግም። ጂንጂች የተገደሉባት ከተማ ውስጥ የሚኖር ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲህ ያለ ወረቀት ሲፈርም ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። ስለ ኮሶቮ ለሕዝቡ ለዓመታት ውሸት ሲነገረው እንደኖረ በአደባባይ መናገራቸውም ለአንድ የቀድሞ ቃል አቀባይ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍሬው ፈጥኖ መጣ። የኅብረቱ መሪዎች ከሰርቢያ ጋር የአባልነት ድርድር እንዲከፈት የወሰኑት ጁን 28 ቀን 2013 ነው። ይህ ዕለት ለሰርቦች ቪዶቭዳን ነው፤ የ1389ኙ የኮሶቮ ውጊያ መታሰቢያ። ሚሎሶቪች ለሄግ የተሰጡትም በዚሁ ዕለት ነበር። ድርድሩ በጃንዋሪ 2014 በይፋ ተከፈተ። ከሁለት ወር በኋላ ተራማጆቹ በጠሩት ድንገተኛ ምርጫ 158 መቀመጫ አፈሱ፤ ዳቺች በ44ቱ ላይ ቆመው ቀሩ። ቩቺች ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አንዱ የዘራውን ሌላው አጨደው። ከሁሉም በላይ ግን ሚዛኑ ጠፋ፤ 158 የያዘ ፓርቲ አንጋሽ አያስፈልገውም። ከዚያ ወዲህ ዳቺች በመንግሥት ውስጥ የቆዩት ቩቺች ስለፈቀዱ ነው።

ዕውቅና የማስነሣት ዘመቻ

ከ2014 እስከ 2020 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በ2015 ሰርቢያ የአውሮፓ የደኅንነትና የትብብር ድርጅትን በሊቀ መንበርነት ስትመራ፣ የዩክሬን ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት፣ መዶሻውን የያዙት እሳቸው ናቸው። ቱርክ የሩሲያን ተዋጊ አውሮፕላን በጣለች በቀናት ውስጥ፣ በዲሴምበር፣ የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ቤልግሬድ ላይ እንዲገናኙ ስብሰባው ምክንያት ሆነ።

ዋናው ሥራቸው ግን ሌላ ነበር፤ ለኮሶቮ ዕውቅና የሰጡ አገሮች እንዲያነሡ ማግባባት። በ2015 ኮሶቮ ዩኔስኮ ለመግባት ያቀረበችው ጥያቄ በሦስት ድምፅ ብቻ ወደቀ። ከ2017 ጀምሮ ሱሪናም፣ ቡሩንዲና ሌሎች የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ አገሮች ዕውቅናቸውን እንዳነሡ ዳቺች እየተመላለሱ ለጋዜጠኞች ደብዳቤ አሳዩ፤ ኮሶቮ የአንዳንዶቹን አልቀበልም ብላለች። ይህ መንገድ ወደ አፍሪካ የሚያደርስ አሮጌ መሠረት አለው። ቲቶ በ1961 የገለልተኛ አገሮችን ጉባኤ ቤልግሬድ ላይ ሲጠሩ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተገኙት መሪዎች አንዱ ነበሩ። ኢትዮጵያም እስከ ዛሬ ለኮሶቮ ዕውቅና ካልሰጡት አገሮች መካከል ናት።

በዚህ ዘመቻ ላይ ያለኝን ፍርድ አልሸሽግም፤ የብራስልሱን ሥራ ጎድቶታል። በኖቬምበር 2018 የኮሶቮ የኢንተርፖል ጥያቄ ዱባይ ላይ በወደቀ ማግሥት የኮሶቮ ዋና ከተማ ፕሪሽቲና በሰርቢያ ዕቃዎች ላይ 100 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ ውይይቱም ቆመ። ዕውቅና የማስነሣቱ ሥራ ለጊዜው የቆመው በሴፕቴምበር 2020 ሰርቢያና ኮሶቮ በፈረሙት የዋሽንግተን ስምምነት ነው። በአንድ እጅ የፈረሙትን በሌላ እጅ ማፍረስ አገርን የትም አያደርስም፤ መጀመሪያ የሚጎዱትም ዳቺች ተቆርቋሪ ነኝ የሚሉላቸው የሰሜን ኮሶቮ ሰርቦች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በቤልግሬድ ግፊት በኮሶቮ ምርጫ ተሳተፉ፤ በኖቬምበር 2013 የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰጥ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች ሣጥኖቹን ሰብረውባቸው ነበር። በ2022 ደግሞ ከፖሊስ፣ ከፍርድ ቤትና ከማዘጋጃ ቤት በአንድነት ለቀቁ። በሴፕቴምበር 2023 ባንስካ በምትባል መንደር አንድ የኮሶቮ ፖሊስና ሦስት የታጠቁ ሰርቦች ሞቱ። ያን ቀንም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዳቺች ነበሩ፤ ከ2020 እስከ 2022 አፈ ጉባኤ ከሆኑ በኋላ ወደዚያው ወንበር ተመልሰው ነበር።

በዲሴምበር 2023 ምርጫ የሶሻሊስቶቹ ዝርዝር 18 መቀመጫ አገኘ፤ ከ2008ቱ እንኳ ያነሰ። ሹመቱ ግን አልቀነሰም፤ በሜይ 2024 ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመለሱ። ኖቬምበር 1 ቀን 2024 የኖቪ ሳድ ባቡር ጣቢያ መግቢያ ጣራ ተንዶ የሟቾቹ ቁጥር በስተመጨረሻ 16 ደረሰ። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሚሎሽ ቩቼቪች ለቀቁ፤ በኤፕሪል 2025 ጁሮ ማጹት አዲስ መንግሥት መሠረቱ። ዳቺች ግን ከፖሊስ ሚኒስትርነታቸው አልተነሡም። በ1996 ክረምት በሰልፈኞቹ ላይ ይናገሩ የነበሩት ሰው አሁን ከልጆቻቸው ትውልድ ፊት የቆመውን ፖሊስ ያዝዛሉ።

ከብራስልሱ ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጡት ታቺ ዕጣቸው ሌላ ሆነ። በኖቬምበር 2020 ከፕሬዝዳንትነታቸው ለቀው ሄግ ሄዱ፤ በነፃ አውጪ ጦሩ ዘመን ተፈጸሙ በተባሉ ወንጀሎች የተከፈተባቸው ክስ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ሲሰማ ቆይቷል፤ ጥፋተኛ አይደለሁም ብለዋል። የሰነዱ የመጀመሪያ ነጥብ የሚለው የሰርብ ማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር ደግሞ ከተፈረመ 12 ዓመት ሲሞላው፣ በኤፕሪል 2025፣ ገና አልተቋቋመም ነበር።